ከፍሎ ደጅ መጥናት

ድሮ ደጅ የሚጠናው ምንም የሌለው ሰው ነበር። ሹመት ፈላጊው ወይ ርስቱን የተነጠቀው ከጌቶች በር ላይ ቆሞ «ወጡ? ገቡ?» ሲል ይከርማል። የዛሬውን ደጅ ጠኚ ማየት የፈለገ ግን አሜሪካ ውስጥ የፖርሽ ወይም የፌራሪ መሸጫ ጎራ ይበል። የራሱ ክሊኒክ ያለው ሐኪም፣ ባንክ ሲገባ ወንበር የሚሳብለት ተቋራጭ፣ ባለ ሃያ ስድስት ዓመት ሻጭ ፊት እጁን አጣምሮ «ታዲያ ያ ተራ የሚጠበቅለት ስፖርት መኪና ለእኔ መቼ ይደርሰኝ ይሆን?» ሲል ያገኘዋል።

ሻጩ አዝኖ ራሱን ይነቀንቃል። «እስካሁን ከእኛ ብዙ አልገዙም» ይለዋል። ሰውየው ነገሩ ይገባውና ለሚስቱ ማካን፣ ለልጁ ካየን የተባሉትን የፖርሽ የቤተሰብ መኪናዎች ይገዛል። ሚስት ማካን አልጠየቀችም፤ ልጁም መንጃ ፈቃድ የለውም። እጅ መንሻ ነው። ዓመት ከመንፈቅ አልፎ አንድ ቀን ስለተመኘው ስፖርት መኪና ስልኩ ይጮሃል፦ «ጂቲ3 አርኤስ ወጥቶልዎታል!» ቤተሰቡ እልል ይላል። የወጣለት መኪናው ሳይሆን ለመኪናው የመክፈል ፈቃድ መሆኑን የሚያውቀው መስታወቱ ላይ የተለጠፉትን ሁለት ወረቀቶች ሲያነብ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት የሕግ ወረቀት ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ያስወጡት ሕግ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የፋብሪካውን የመሸጫ ዋጋ፣ የተጨመሩለትን ዕቃዎችና የማጓጓዣውን ሒሳብ መስታወቱ ላይ ይዞ እንዲቀርብ ያስገድዳል። የ2023ቱ ጂቲ3 አርኤስ ምንም ሳይጨመርበት ከ220,000 ዶላር በላይ ነበር። ሁለተኛው ወረቀት ከሻጩ ቢሮ ፕሪንተር የወጣ ነው፤ «የገበያ ማስተካከያ» የሚል ርዕስ አለው። በዚሁ መኪና ላይ ማስተካከያው ብቻውን ከ100,000 ዶላር ያለፈባቸው መሸጫዎች ነበሩ። ፋብሪካው አቤት ቢባል መልሱ አጭር ነው፦ ሻጩ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው፣ እኛ ዋጋ እንመክራለን እንጂ አናዝም። ምክር መቼስ ሰሚ ይፈልጋል።

ሁሉም መሸጫ ግን እንዲህ አይደለም። ጭማሪ የማይጠይቁም አሉ፤ እነሱን ለማግኘት ከራስ ከተማ ወጥቶ በሌሎች ክልሎች ላሉት መጻፍ ያስፈልጋል። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠየቃል። አንደኛ፣ ፋብሪካው የመደበላችሁ ኮታ በእጃችሁ አለ ወይስ ስሜን ከሌላው ጋር ልትደረድሩት ነው? ሁለተኛ፣ ቀብዱ ይመለሳል? ሦስተኛ፣ ዋጋው ከመጀመሪያው ወረቀት በላይ ይሄዳል? ሦስተኛውን በስልክ ብቻ የሚመልስ ሻጭ መልሱን ቀድሞ ሰጥቷል።

መኪናው እጅ ከገባ በኋላም ደጅ ጥናቱ አያበቃም። ፎርድ ጂቲ ለተባለው ስፖርት መኪና ማመልከቻ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 500 መኪና ቀርቦ ከ6,500 በላይ ሰዎች አመለከቱ። ማመልከቻው የኤምባሲ ቪዛ ፎርም ይመስል ነበር፤ ከፎርድ ጋር ያላችሁን ፍቅር የሚያሳይ ቪዲዮ የላኩም ነበሩ። የተመረጠው ሰው ለ24 ወራት ላለመሸጥ ይፈርማል። ትግለኛውና ተዋናዩ ጆን ሲና ከተመረጡት አንዱ ነበር። ወደ 463,000 ዶላር ከፍሎ የተረከበውን መኪና በሳምንታት ውስጥ ስለሸጠው ፎርድ ፍርድ ቤት ገተረው፤ በ2018 ታረቁ፣ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ሄደ። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ2022 ክስ ከማሳደድ ይልቅ የዋስትናን፣ ማለትም ፋብሪካው ብልሽትን በነፃ የሚጠግንበትን ውል፣ በር መዝጋት ይሻላል አለ። ኮርቬት ዚ06 የተባለውን አዲሱን ስፖርት መኪናውን በ12 ወር ውስጥ የሚሸጥ ሰው ለተረካቢው ዋስትናውን ማስተላለፍ እንዳይችል ወሰነ፤ ዓመቱን ለታገሠው ደግሞ 5,000 ዶላር የሚያወጣ የደንበኛ ነጥብ ሸለመ። የራስን መኪና ስላልሸጡ የሚሰጥ ሽልማት መሆኑ ነው።

አሁን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ዞር እንበል። ጥግ ላይ፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ማንም ያልጠየቀው ባለ ሁለት በር ቆሟል። እዚህ ደጅ የሚጠናው ሻጩ ነው።

ምክንያቱን የማያውቅ ደንበኛ መሸጫው መኪናውን በገንዘቡ የገዛው ይመስለዋል። አብዛኛው መሸጫ በብድር ነው የሚያቆመው፤ ወለዱም በየወሩ ይቆጥራል። 140,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና በ8 በመቶ ወለድ ቆሟል ብንል በወር ወደ 930 ዶላር፣ በ11 ወር ከ10,000 በላይ በልቷል። ሁለት ሦስት ወር ያለፈው ዕቃ ሥራ አስኪያጁን እንቅልፍ ይነሳዋል። አዲሱ ሞዴል ሲገባ ደግሞ አሮጌው በአንድ ሌሊት ዓመት ያረጃል። ስለዚህ የቅናሽ ምንጩ የሻጩ ቸርነት አይደለም፤ የቆመበት ቀን ብዛት ነው።

ታሪኩም የሚጣፍጠው እዚህ ነው። አኩራ ኤንኤስኤክስ በኦሃዮ ተገጣጥሞ በ156,000 ዶላር ሲቀርብ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሻማል ተብሎ ነበር። በ2017 አሜሪካ ውስጥ 581 ተሸጠ፤ በ2018 170። ያልተሸጡት ላይ የ20,000 ዶላር ቅናሽ ወጣ። ሌክሰስ ኤልኤፍኤ ደግሞ 375,000 ዶላር የሚያወጣ፣ 500 ብቻ የተሠራ መኪና ነው፤ ምርቱ በ2012 አበቃ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ 12ቱ ገና «አዲስ፣ ያልተሸጡ» ተብለው ተመዝግበው ነበር። ያኔ «ሌክሰስን በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል!» ብለው የሳቁት ዛሬ በጨረታ እጥፉንና ከዚያ በላይ ሲያወጣ ያያሉ።

የሁሉንም ሳቅ የሚጠቀልለው ግን ዶጅ ቫይፐር ነው። በ2014 መኪናው አልሸጥ ብሎ የዲትሮይቱ ፋብሪካ ለወራት ቆመ፤ ከዚያ ዋጋው በአንድ ጊዜ 15,000 ዶላር ተቀነሰ። በሙሉ ዋጋ የገዙት ጮኹ። ኩባንያው ካሳ ሰጣቸው፦ የ15,000 ዶላር ኩፖን፣ ሌላ ቫይፐር ለመግዛት።

ቅናሽ ፈላጊው ሐበሻ መሸጫ የሚገባው «መኪና የሚያውቅ» አብሮ አደጉን ይዞ ነው። ሻጩም ያገር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ይህ ብርቅ አይደለም። ያኔ ክርክሩ ከእንግሊዝኛ ወጥቶ ወደ መርካቶ ይገባል።

«ጋሼ፣ ይቺን ለእርስዎ ስል 4,000 ዶላር እቀንሳለሁ።»

«የመጨረሻውን ንገረኝ።»

«ልጆቼን! የገዛንበት ነው።»

ልጅ የለውም።

አብሮ አደጉ በዚህ መሃል አፉን አይከፍትም፤ የመኪናውን በር ነው የሚከፍተው። በሾፌሩ በር በኩል፣ ምሰሶው ላይ፣ የተሠራበትን ወርና ዓመት የያዘ ትንሽ ወረቀት አለ። 09/23 ይላል። ቀጥሎ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን ያነባል፤ በጎኑ ላይ ካሉት ፊደሎች መጨረሻ አራት አኃዝ አሉ። 3123 ማለት በ2023 በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ኮፈኖ ማስከፈት፣ ሞተር ማስጮህ፣ «ድምፁን ስማ!» ማለት የጀማሪ ነው፤ ፋብሪካ ሞተሩን እንዲያምር አድርጎ ነው ያስጮኸው። የሚጠየቀው የቆመ መኪና በሽታ ነው። ባትሪው ቻርጀር ላይ ነበር ወይ? ሳይሰካ የከረመ ባትሪ በሌላ ቢነሣም ያጣው አቅም አይመለስለትም። አንድ ቦታ የቆመ ሰፊ ጎማ ከሥሩ ጠፍጠፍ ይልና በፍጥነት መንገድ መሪውን ያንቀጠቅጣል፤ ጥቂት ማይል ተነድቶ ካልለቀቀ ጎማው ይቀየራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ተነዳም አልተነዳም በሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ታንኩ ውስጥ የከረመ ቤንዚንም አለ። እነዚህን ከመረከብ በፊት በሻጩ ወጪ አስደርጎ ወረቀት ላይ ማስፈር ከ2,000 ዶላር ተጨማሪ ቅናሽ ይበልጣል፤ ቅናሹ የሚገኘው አንዴ ነው፣ የአራት ጎማ ዋጋ ግን በራሱ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል።

አሁን አብሮ አደጉ ይነሣል፤ ጉልበቱን ያራግፋል፤ ዳሽቦርዱን ያያል።

«ወንድሜ፣ 2,900 ማይል ምን ይሠራል እዚህ?»

«ለሙከራ ነው ጋሼ። አዲስ ናት።»

«ዋስትናዋ መቼ ጀመረ?»

ዝምታ።

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። የፋብሪካ ዋስትና መቁጠር የሚጀምረው እናንተ ቁልፉን ስትይዙ ላይሆን ይችላል። መሸጫው መኪናውን ለሙከራ ወይም ለሰርቪስ ደንበኞች መዋያ ካስመዘገበው ሰዓቱ ያኔ መሮጥ ጀምሯል። የወሩን ኮታ ለመሙላት ሲሉ ሳይሸጥ «ተሸጧል» ብለው ለፋብሪካ የሚያስተላልፉም አሉ፤ ያ መኪና አንድም ማይል ሳይነዳ ዋስትናው ይነዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሻሲ ቁጥሩን ወስዶ ለሌላ መሸጫ የሰርቪስ ክፍል መደወልና ዋስትናው የጀመረበትን ቀን መጠየቅ ነው። የፖርሽ አዲስ መኪና ዋስትና በአሜሪካ 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ነው። 11 ወር የተበላ ከሆነ 3 ዓመት ከ1 ወር ቀርቷል። በ«አዲስ» ዋጋ የሚሸጠው ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ዘመኑ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ፌራሪና ላምቦርጊኒ 3 ዓመት ያለ ማይል ገደብ ይሰጣሉ፤ ፌራሪ በዚያ ላይ የ7 ዓመት መደበኛ ሰርቪስ ይጨምራል፣ መኪናው ቢሸጥም ለተረካቢው ይቀጥላል። ኮርቬት 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ሞተርና ካምቢዮው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። «ያለ ማይል ገደብ» የሚለው ቸርነት የሚያስቅ ነው፤ ባለቤቶቹ ማይሉ ከጨመረ ዋጋው ይወርዳል ብለው ለጸሎት ቤት እንኳ በካምሪ ነው የሚሄዱት።

ያገለገለ ለሚገዛ ደግሞ ኮምፒውተሩ የንስሐ አባት ነው፤ ልዩነቱ ምስጢር አለመጠበቁ ነው። ፖርሽ ሞተሩ ከልኩ በላይ የዞረበትን ጊዜ በስድስት ደረጃ ከፍሎ፣ ስንት ጊዜና በስንተኛው የሞተር ሰዓት እንደሆነ ይመዘግባል። ከ5ኛ ማርሽ ወደ 4ኛ ሊያወርድ ብሎ 2ኛ ውስጥ የከተተ ሾፌር የላይኞቹ ደረጃዎች ላይ ፊርማውን ትቷል። ያ ቁጥር ካለ፣ በተለይ የቅርብ ጊዜ ከሆነ፣ መኪናው የፋብሪካውን ያገለገለ መኪና ዋስትና ሊከለከል ይችላል፤ ያ ዋስትና ደግሞ ከ111 ነጥብ ፍተሻ በኋላ 2 ዓመት ያለ ማይል ገደብ የሚጨምር ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ይጠየቃል፤ «መኪናው የአንዲት ሐኪም ነበር» የሚለው ሪፖርት አይደለም። የሞተሩን ሶፍትዌር አስነክቶ የፈረስ ጉልበት የጨመረም እንዲሁ ነው። የ1975ቱ የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ፋብሪካው የውጭ ዕቃ ስላየ ብቻ ዋስትናውን በሙሉ እንዳይሰርዝ ይከለክለዋል፤ ጉዳቱ ከዚያ ዕቃ መምጣቱን ማሳየት አለበት። ሞተር ግን በአዲሱ ሶፍትዌር ከተቃጠለ ማሳየቱ አያደክመውም። አውዲ ላይ ቲዲ1 የሚባል ምልክት በፋብሪካው መዝገብ ይለጠፋል፤ የድሮውን ሶፍትዌር መመለስም አይፍቀውም።

«ዱባይ ርካሽ ነው» ለሚል ወዳጅም ሁለት ቃል። የባሕረ ሰላጤው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። ወደ አዲስ አበባ ላስገባው ካለም ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክላለች። ቨርጂኒያ ያለው ሰውም አይኩራ፤ እዚያ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ በየዓመቱ ከመኪናው ግምት በ100 ዶላር ከ4 ዶላር በላይ ግብር ይጠይቃል፣ የ200,000 ዶላሩ 8,000 ያልፋል። ለዚህ ቅናሽ የሚጠይቁት ሻጭ የለም።

ወደ ጋሼ እንመለስ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ የተበላው ዋስትና ተነሥቷል፣ ጎማው ተነቧል። ከ4,000 የተነሣው ቅናሽ 17,000 ላይ ቆመ። ጋሼ ደረቱን ነፋ። ሻጩ ልጆቹን ሁለተኛ ጊዜ ገደላቸው። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተመሩ፤ ብድርና ወረቀት የሚፈረምበት፣ መስኮት የሌለው፣ ከረሜላ ያለበት።

እዚያ የተቀመጠው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ዋስትናው ሲያልቅ አንድ ካምቢዮ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ? ተጨማሪ ዋስትና፣ 9,800። እዚህ ላይ ውሉ የሚሸፍነውን ይዘረዝራል ወይስ የማይሸፍነውን? የማይሸፍነውን የሚዘረዝረው ይሻላል፤ ያልተጻፈው ሁሉ የተሸፈነ ነውና። የፋብሪካው ነው ወይስ የሌላ ኩባንያ? የእጅ ሥራ በሰዓት ስንት ድረስ ይከፍላል? የፌራሪን ሰርቪስ በተራ ጋራዥ ሒሳብ የሚከፍል ውል ልዩነቱን ለእናንተ ይተዋል። ይህ ዋጋም ክርክር ይቀበላል፤ ዛሬውኑ መግዛትም ግዴታ አይደለም። ግን ጋሼ ለክርክር ያመጣውን ጉልበት ውጭ ጨርሷል፣ አብሮ አደጉም «ቤተሰብ ያልሆነ አይገባም» ተብሎ ቡና ማሽኑ ጋ ቀርቷል። ፈረመ። የቀለም መከላከያ፣ 2,400። ፈረመ። መስታወት ላይ የሻሲ ቁጥር መቅረጽ፣ 399። ፈረመ። የሰነድ ማዘጋጃ፣ 999። ፈረመ።

ሲወጣ አብሮ አደጉ ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበ።

«ይሄ 199 ዶላር የምንድን ነው?»

«ናይትሮጅን። ጎማው ውስጥ ተሞልቷል አለኝ።»

«ጋሼ፣ አየሩም እኮ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው።»

ጋሼ ቁልፉን እያሽከረከረ ትንሽ አሰበ።

«ታዲያ 22ቱን ብቻ አስከፍሎኛል ማለት ነዋ! ቀንሶልኛል።»