«ብዬ ነበር» ባዮች ይኑሩልን

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ፣ አንድ የሐበሻ ካፌ ቁጭ ብዬ የኮሌጅ ፉትቦል አያለሁ። የእኛን ኳስ ማለቴ አይደለም። ያንን እንቁላል የሚመስለውን ነው። አቦሉ ገና አልወረደም፣ ከጀርባዬ ያ የምታውቁት ድምፅ መጣ።

«ጆ ቡሮውን እኮ እኔ ያኔ ብዬ ነበር!»

ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። በየካፌው አንድ አንድ ተመድቦልናል። እስካሁን ስናማው ኖርን እንጂ አመስግነነው አናውቅም። ዛሬ ላመሰግነው ነው።

እስቲ አስቡት። ሞራ ገላጭ ነገሩ ሳይደርስ ይናገራል፣ ከዚያ ሲስት ይዋረዳል። ሲኒ የምታነበውም እንደዚያው። የእኛ ሰው ግን መጀመሪያ ውጤቱን በትዕግሥት ይጠብቃል። ከዚያ ይተነብያል። አንድ ቀን ስቶ አያውቅም! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያልን ውሻውን እናሽሟጥጣለን። ውሻው ግን የሄደው ጅብ መሆኑን በትክክል ለይቷል እኮ።

ልጁን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ጆ ቡሮው ያደገው ከዚህ አንድ ሰዓት ከምናምን በመኪና በሚያስኬደው በአቴንስ አካባቢ ነው፤ የግሪኩ ሳይሆን የኦሃዮው አቴንስ። በ2015 እዚሁ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኳርተርባክ ነው። ማለትም ግድግዳ የሚያካክሉ ሰዎች ሊደፈጥጡት እየመጡ፣ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር በሁለት ሦስት ሴኮንድ የሚወስነው ልጅ። የመጀመሪያውን ዓመት ጭራሽ አልተሰለፈም። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በድምሩ 39 ጊዜ ብቻ ወረወረ። በ2017 ልምምድ ላይ የቀኝ እጁ ተሰበረ። በ2018 ዲግሪውን ይዞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያም በመጀመሪያ ዓመቱ የወረወረው 16 ተችዳውን ነው፤ ተችዳውን የእነሱ ጎል በሉት። ደህና ነው፤ ሐውልት ግን አያስቆምም።

በ2019 ሰማይ ተቀደደ። 60 ተችዳውን! ቡድኑ 15 ተጫውቶ 15 አሸነፈ። ኦክላሆማን በግማሽ ፍጻሜው 63 ለ28 ሲያደባዩት ልጁ ከእረፍት በፊት ብቻ ሰባት ተችዳውን ወርውሯል። ሃይዝማን የሚባለውን ትልቁን የኮሌጅ ሽልማት ወሰደ። በጥር 2020 ክሌምሰንን 42 ለ25 ረትተው ዋንጫውን አነሱ። በሚያዝያ የባለሙያዎቹ ቡድኖች ከኮሌጅ ተጫዋች ሲመርጡ፣ ሲንሲናቲ ከሁሉም አስቀድሞ እሱን መረጠ።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ስሙን አልጠራም። ይህን ታሪክ ሲያወራ ስሰማው አራተኛዬ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ስታዲየም ገብቶ ልጁን ሲያሟሙቅ አይቶት ነበር። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ወዳጃችን የተቀመጠው ከላይ ጥግ፣ ወፎቹ ጋ ነው። ከዚያ ሆኖ የልጁን ዐይን አየ። «ዐይኑ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» አለ። ሁለተኛ ጊዜ ሲያወራው ስታዲየሙ ቀርቶ መኪና ሆነ። ልጁን ጭኖት ነበር። ልጁ ዝም አለ፣ እሱም ዝም አለ፤ በዝምታ ተግባቡ። በሦስተኛው ልጁ አፍ አወጣ። «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ብሎ ጠየቀው። አሰልጣኝ ሞልቶ፣ አባቱ ራሱ የፉትቦል አሰልጣኝ ሆኖ፣ ልጁ የሄደው ወደ እኛ ሰው ነው። «ሂድ፣ ደቡብ ይሻልሃል» አለው። ልጁም ሄደ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ምግብ ተጨመረ። ክትፎ አብልቶታል። በእጁ አጉርሶታል! አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ሦስት ጊዜ። እጁ ሲሰበርም ወጌሻ የጠቆመው እሱ ነው። እኔ በልቤ ሒሳብ ገባሁ፤ 60 ለሦስት ሲካፈል በአንድ ጉርሻ 20 ተችዳውን። ታዲያ አሰልጣኞች ጂም ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ምስክር አለ ወይ? ሞልቷል። አንዱ ጠቅልሎ ሀገር ቤት ገብቷል። አንዱ ሲያትል ነው፣ ስልክ አያነሳም። ባለቤቱም ሰምታለች፣ ብቻ ያኔ ተኝታ ነበር።

ችግሩ እኔ አልተኛሁም። ልጁ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ይኸው ሰው፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ «ፈሪ ነው፣ ቦታውን ቢቀሙት ፈረጠጠ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። የ2019 ውድድር ሳይጀመር፣ ቡሮው ሃይዝማንን ይወስዳል ብሎ ለሚያስይዝ ሰው አንድ ለ200 የሚከፍሉ አወራራጆች ነበሩ። መቶ ዶላር 20 ሺህ ይሆናል ማለት ነው። ያጎረሰ፣ የመከረ፣ ወጌሻ የጠቆመ ሰው እንዴት መቶ ዶላር ያጣል? ጠየቅኩት።

«ቁማር አልወድም» አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። ዘገየ እንጂ፤ የውርርዱን ገጽ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ሳቄ ይቆማል። ኦሃዮ ውስጥ የስፖርት ውርርድ ከጥር 2023 ጀምሮ ሕጋዊ ነው። ከዚያ ወዲህ በየካፌው የምሰማው ስድብ ሌላ ሆኗል። የልጆች አባት የሆነ ትልቅ ሰው፣ 20 ዶላር ተበላሁ ብሎ የ20 ዓመት ተማሪ እናቱን ይሰድበዋል። አንዳንዱ መስደቡ አይበቃውም፣ ልጁ ራሱ እንዲያነበው ስልኩ ላይ ይልክለታል። ያ ልጅ እኮ ሰኞ ፈተና አለበት! የእናንተ ልጅ ቢሆንስ? ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ቡሮው ሃይዝማኑን ሲቀበል መድረክ ላይ ያነሳው ያደገበትን አካባቢ ድህነት ነው። ከትምህርት ቤት ተርበው ወደ ቤት ስለሚመለሱ ሕፃናት ተናገረ። ሰዉ ለአቴንስ የምግብ እርዳታ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጣ። ወዳጃችን ይህንንም «እኔ ነኝ የመከርኩት» አለ። ምን ያህል እንዳዋጣ አልጠየቅኩትም። የቡናዬን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ካሜራው ወደ ተጠባባቂዎቹ ዞረ። ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ኮፍያ አድርጎ ቆሟል። ሦስተኛ ኳርተርባክ ነው፣ ገና አንድም አልወረወረም።

«ይሄኛውስ ልጅ?» አልኩት።

«የቱ?»

«ያ ኮፍያ ያደረገው።»

ዐይኑን አጨንቁሮ አየው።

«እሱ ውሃ አቀባይ አይደለም እንዴ?»

ስልኬን አወጣሁና ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ።