ላምባውን አስቀምጡት

የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢት ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ቁጣው ግን ከራሴ ይጀምራል።

ከዓመታት በፊት ኮርኒሳችን ውስጥ ንብ ገባ። አንድ ጎረቤት «ላምባ ርጭበት፣ በአንድ ቀን ይገላግልሃል» አለኝ። ጅሉ እኔም ሰማሁት። በቀትር መሰላል አቁሜ በቀዳዳው ረጨሁ። ንቡ እየፈላ ወጣ። እኔ ዘልዬ ወርጄ በሬን ዘጋሁ። በአጥሩ ማዶ በሰንሰለት የታሰረው ውሻ ግን የት ይግባ? መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ባለቤቱ እናት ማታ መጥተው «ምነው ልጄ፣ ዝም ብትለው ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዘንድሮስ ተምረናል? መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ንብ ይወጣል። የአጥር ባህር ዛፍ ላይ እንደ መንዝ በርኖስ ተደራርቦ ይሰፍራል። ይሄኔ ሰፈሩ በሙሉ ጦር ይሰብቃል። ልጅ ድንጋይ ይወረውራል፣ አባት ጎማ ያቃጥላል። አባት ሆይ፣ እየደነገጥክ ያለኸው ንቡ ከምንጊዜውም በላይ የዋህ በሆነበት ሰዓት ነው። የሰፈረ ንብ የሚጠብቀው ማርም እጭም የለውም። ሲወጣ ሆዱን በማር ሞልቶ ነው የወጣው። አውራዋን መሐል አድርጎ ቤት ፍለጋ የሄዱትን ንቦች ይጠብቃል። በሰዓታት፣ ቢበዛ በጥቂት ቀን ተነሥቶ ይሄዳል። የሚፈለግባችሁ ልጆቹን ማስገባት፣ የታሰረ ውሻና አህያ ፈትቶ ማራቅ፣ ከዚያ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለት ለምን እንደሚከብደን እንጃ።

ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ውስጥ ከገባ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የማር እንጀራውን ሠርቷል፣ ልጅ አሳድጓል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ውጪ ሲጋገር እንኳ እሱ እጮቹን 35 ዲግሪ አካባቢ ያሞቃል። «ቀፎው እንደተነካ ንብ» የምንለው ለዚህኛው ነው። አንዷ ስትነድፍ የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ይወጣል፤ ሽታው ሌሎቹን ይጠራል። እጅ እያወናጨፉ መቆም ግብዣ ነው። ፊትን ሸፍኖ ቀጥታ ወደ ቤት መሮጥ ነው።

ፍሊት የምትነፉስ? ንቡን ትገድሉ ይሆናል፤ ማሩን፣ ሰሙንና የሞተውን እጭ ግን ምን ልታደርጉት ነው? ግድግዳው ውስጥ ይሸታል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ ማሩ በኮርኒሱ ይንጠባጠባል። ይባስ ብሎ ፍሊት የነፉበትን ማር ቆርጦ ለልጅ የሚያልስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እግዜር ይይለት።

ንብ የሚያውቅ ሰው አስመጡ። በየገጠሩ ሞልቷል፤ ካጣችሁም የወረዳውን የእንስሳት ባለሙያ ጠይቁ። አመሻሽ ላይ ጭስ ይዞ ይመጣል፣ እንጀራውን ቆርጦ ንቡን ከነአውራው ወደ ቀፎ ያስገባል። እሱ ሲሄድ ሥራው አላለቀም። ቀዳዳውን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑት። የድሮ ሰም ሽታ ካለና ቀዳዳው ክፍት ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት መንጋ እዚያው ይገባል። ያኔ «ቤቴ ላይ መተት አለ» እንዳትሉ።

ደግሞ ንብና ተርብ ለዩ እንጂ! ንቧ ጠጉራም ናት፤ ስትነድፍ እሾኋን ጥላ ትሞታለች። ተርብ ልሙጥ ናት፣ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ፤ ደጋግማ ትነድፋለች። ነገር የሚወጋውን ሰው «ተርብ ነው» የምንለው በከንቱ አይደለም። ጣራ ክፈፍ ሥር ያቺን ግራጫ ወረቀት የመሰለች ጎጆ የምትሠራው እንጨት እያኘከች ነው። የጓሮ ጎመናችሁን የሚበላውን አባጨጓሬም ታድናለች። ከሰው መተላለፊያ ከራቀች ተዉአት። በር ላይ ከሆነች፣ ጎጆዋ ገና ትንሽ ሳለ በማለዳ ብርድ፣ ክንፏ ሳይፍታታ፣ ተሸፋፍናችሁ በረጅም ዘንግ አውርዱት። ግድግዳ ላይ ጭቃ የምትለጥፈዋ ደግሞ ብቸኛ ናት፤ ሸረሪት አደንዝዛ ለልጆቿ ታከማቻለች። ከእናንተ ጋር ጉዳይ የላትም።

የተነደፈ ሰው ላይ ነጭ ሽንኩርት ፍለጋ አትሩጡ። ንብ ከሆነች እሾኋ ከተተከለ በኋላም መርዝ ይረጫልና ቶሎ በጥፍር ፍቃችሁ አውጡት። በሳሙና እጠቡት፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ወይ ራስ ካዞረው ግን ቤት ውስጥ አንድ ደቂቃ አታቆዩት። ሕይወቱን የሚያተርፈው የአድሬናሊን መርፌ ያለው ጤና ተቋም ነው። ብዙ ቦታ የተነደፈ ልጅና ሽማግሌም እንዲሁ።

ይህን ስጽፍ ጓሯችን ያለው ወይራ ላይ አንድ መንጋ ሰፍሯል። የጎረቤትን በግ ፈትቼ በጓዳ በር አስገብቻለሁ። ንብ የሚያውቁት ሰውዬ «ሲመሽ እመጣለሁ፣ ማንም እንዳይነካው» ብለዋል። ላምባው ኩሽና ነው፣ ክዳኑን አጥብቄዋለሁ።