እስረኛ ያሳደገው ውሻና ተያዥ ያጣው ዘመዴ

እዚህ ሲያትል ታክሲ ለሚነዳ ሰው ውሻ የያዘ ተሳፋሪ ብርቅ አይደለም። አካል ጉዳተኛን የሚረዳ የሠለጠነ ውሻ ከሆነ ደግሞ «አልጭንም» ማለት በሕግ ክልክል ነው። ሰሞኑን የጫንኳት በዊልቸር የምትሄድ ሴት ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ቁልፏ ሲወድቅ ውሻዋ በአፉ አነሳና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «ማን አስተማረው?» አልኳት። «እስረኛ» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ።

ጉድ ነው! ለካ ጊግ ሃርበር፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ የሴቶች ማረሚያ ቤት ውስጥ ነገሩ የተጀመረው በ1981 ነው (በፈረንጅ)። ፖሊን ክዊን የተባለች፣ በኋላ የመነኮሰች ሴት ናት ያስጀመረችው።

ኒው ዮርክ ቤድፎርድ ሂልስ የሴቶች እስር ቤት ደግሞ ከባድ ፍርደኛ ሴቶች ከ1997 ጀምሮ ቡችላ ያሳድጋሉ። ቡችላው በ8 ሳምንቱ ይገባል። ከአሳዳጊው ጋር እዚያው ክፍሏ ያድራል፣ ሁለት ዓመት ገደማ አብሯት ይኖራል። መብራት ማብራት፣ ፍሪጅ መክፈት፣ ከጦርነት ተመልሶ የሚቃዠውን ወታደር መቀስቀስ ይማራል። እስር ቤት ውስጥ መኪና የለ፣ የበር ደወል የለ። እሱን እንዲለምድ ቅዳሜና እሁድ በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ይወስዱታል። እሷ ትቀራለች፣ እሱ ይዝናናል። ከዚያ አንድ ቀን ለማታውቀው ሰው ታስረክበዋለች።

እኔን የከነከነኝ ውሻው አይደለም። እኛ ጋ ውሻ ድርሻው የግቢ በርና ድንጋይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስንቅ ከቤት በሚመላለስበት እስር ቤት ቡችላ ይግባ ብል የሚስቅብኝ ብዙ ነው። የከነከነኝ ማመኑ ነው። ነፍስ አጥፍተሻል በተባለች ሴት እጅ ነፍስ ያለው ፍጡር ያስረክባሉ!

የአክስቴ ልጅ ማረሚያ ቤት ሳለ እንጨት ሥራ ተማረ። እጁ ወርቅ ነው። እስር ላይ እያለ የሠራው ወንበር ባዛር ላይ ሲቀርብ «የማረሚያ ቤት ዕቃ እኮ አይነቃነቅም» እየተባለ ተሸጠ። ሲፈታ ግን ያንኑ ወንበር የሚሠራበት ቦታ አጣ። የሄደበት ወርክሾፕ ሁሉ የምስክር ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ የት እንደተማረ ያይና «ተያዥ አምጣ» ይለዋል። ዕቃው ይታመናል፣ ሰውየው አይታመንም።

እውነት ለመናገር እዚህም ከእስር የወጣ ሰው ሥራ ፍለጋ ሲንገላታ አይቻለሁ። ቢሆንም አክስቴ ስትደውል ስለ አሜሪካ እስረኛ ምን ብዬ ላጽናናት? «አንተ ተያዥ ሁነው» አለችኝ። እሺ አልኩ። ወርክሾፑ ግን ደመወዙ እዚያው አገር ቤት የሚከፈል ቋሚ ሠራተኛ ካልሆነ አልቀበልም አለ። አሁን ለአንድ የመዶሻ ሥራ የመንግሥት ሠራተኛ እያፈላለግን ነው፤ በእኔ የስልክ ካርድ።