በገናዬ አልተሰበረም!

ኧረ በቃ! ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ውሸት እየፈጠሩ ለቀልድ የሚለቁ ሰዎች አንገሸገሹኝ። «የማሲንቆ ክር የአንበሳ ጋማ ነው።» «ክራር ዝናብ ሲመጣ ራሱን ይቃኛል።» ይሳቅበታል፣ ከዚያ እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል።

እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጎረምሳ የአንበሳውን ጋማ በቁም ነገር ተከራከረኝ። የፈረስ ጭራ ነው ወንድሜ! ክሩም ጭራ፣ ደጋኑም ላይ ያለው ጭራ። አዝማሪ በሞላበት ከተማ ይህ ይጠፋል?

የባሰው ግን የበገናው ነው። «በገና የሚነዝረው ስለተሰነጠቀ ነው» የሚል ቀልድ ሲዞር ነበር። ባለፈው ጾም ልቀዳ አንድ ስቱዲዮ ገባሁ። ቀጂው ገና ሁለት አውታር ስነካ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተሰንጥቋል» አለኝ። አልተሰነጠቀም! በ10ሩ አውታሮችና በብርኩማው (አውታሮቹን ደግፎ በያዘው እንጨት) መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ አለ። አውታሩ እሱን እየነካ ነው የሚነዝረው። የበገና ነፍሱ እኮ ያ ነው። እሺ አለኝ። ቅጂውን ስሰማው ንዝረቱን ጫጫታ ነው ብሎ ጠራርጎ አውጥቶታል። እንባዬ መጣ። የግማሽ ቀን ድካም!

ማይኩም አልቀረለት። ስቱዲዮ ውስጥ ወደ ማይኩ የሚላከው 48 ቮልት ኤሌክትሪክ ዘፋኙን ይነዝራል ይላሉ። ኤሌክትሪኩ ኮንደንሰር የሚባለውን የማይክ ዓይነት የውስጥ ዕቃ ለማሠራት ነው እንጂ ከንፈር ላይ አይደርስም። እህቴ ግን ፈርታ ሁለት ክንድ ርቃ ዘመረች፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የወጣ መሰለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ድጋሚ ልቀዳ ነው። እንዚራዬን ማንም አይነካብኝም!