ውዳሴ ነቅሎ መሰካት

ደሴ ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ የሚበራው አምፖል ብቻ አይደለም፤ ባለሙያም ይበራል። ፒያሳ ካሉት ፊልም ጫኝ ቤቶች በአንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከስክሪን ላይ ድንገት ቢሰወር፣ ባለቤቱ «ውይ!» ብሎ ሳይጨርስ ሦስት ሰው ከኋላው ተሰልፏል። አንዱ ፍላሽ ሊያስሞላ የመጣ ነው፣ አንዱ ካርድ ሊገዛ ጎራ ያለ፣ ሦስተኛው ለምን እንደገባ እሱም አያውቅም። በሌላ በምንም የማይስማሙት ሦስቱ ሰዎች በአንድ ድምፅ ይፈርዳሉ፦ «አብሽር! ንቀለውና ሰካው።»

እንዲህ ያለ ሕዝብ ካልተመሰገነ ማን ይመሰገናል? ሌላው ይህን ጊዜ መልቲሜትር ፍለጋ ይሯሯጣል፣ የዲስኩን ጽሑፍ ያነባል፣ ገመድ ይቀይራል። ለኛ ሰው ሁለት ጣት ይበቃዋል። ነቅሎ ይሰካል። እምቢ ካለ ጠበቅ አድርጎ ይሰካል። አሁንም እምቢ ካለ ቀዳዳውን «እፍ» ብሎ፣ አቧራውን በትንሽ ምራቅ አርጥቦ፣ ይሰካል።

ዲስኩ ኩሩ ነው፤ የሚፈልገውን ጀርባው ላይ ጽፎ ነው የመጣው። «5 ቮልት፣ 0.9 አምፔር» ወይም «5 ቮልት፣ 1 አምፔር» ይላል። ደግነቱ ቤቱ ስልክ ቁጥሩን የያዘ ስቲከር እዚያው ላይ ስለሚለጥፍበት ይህን ነውር ማንም አያየውም። ቢታይ ኖሮ ነገሩ ወደ ስሌት ይሄድ ነበር። የቆየው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ 900። ባለ 2.5 ኢንቹ ትንሹ ዲስክ አንዴ መዞር ከጀመረ በዚያ ተብቃቅቶ ይኖራል፤ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰከንድ እስከ 1 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ለነዚያ ሰከንዶች ነው እንግዲህ ያ ዝነኛ ማራዘሚያ የተዘረጋው። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር፣ ዲስኩ ባንኮኒ ላይ፣ በመሀል ሜትር ተኩል ቀጭን ገመድ። በርካሽ ገመድ ውስጥ ያለው የኃይል ሽቦ ብዙ ጊዜ 28 ቁጥር ነው፤ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው። ማራዘሚያውና የዲስኩ ገመድ ተደምረው 2 ሜትር ቢሆኑ፣ ኮረንቲ ሄዶ ተመላሽ ነውና 4 ሜትር ሽቦ፣ 0.85 ኦም ማለት ነው። በ0.8 አምፔር ሲባዛ 0.68 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። 5 ቮልት ሆኖ የተነሳው 4.3 ሆኖ ደረሰ፤ አብዛኛው ዲስክ ደግሞ የሚፈቅደው 5 በመቶ ዝቅታ፣ ማለትም እስከ 4.75 ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ዲስኩ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፤ ጢቅ… ጢቅ… ጢቅ። አላዋቂ ቢሆን ማራዘሚያውን አውጥቶ፣ አጭሩን ገመድ ከኮምፒውተሩ ኋላ ካለው ሰማያዊ የ3.0 ቀዳዳ ላይ ይሰካው ነበር (የፊቱ ቀዳዳ ካዝናው ውስጥ የራሱ ቀጭን ገመድ አለው)። ያ ካልበቃ ሁለት ራስ ያለው ገመድ፣ ወይም የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ይፈልግ ነበር። የፒያሳው ችሎት ግን ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና «ቫይረስ ነው» ብሎ ይበይናል። ጢቅ የሚል ቫይረስ ያገኘ ከተማ ሌላ የት አለ?

ነቅሎ መሰካት ውስጡ ምን እንደሚሠራ ካልተነገረም ምስጋናው ጎደሎ ነው። ዲስኩ ኃይል ሲያገኝ ሳህኖቹ በደቂቃ 5,400 ዙር እስኪደርሱ ይፈጥናሉ፤ ከዚያ ሄድ የሚሉት ማንበቢያ ከማረፊያው ወጥቶ በሳህኑ ላይ ይንሳፈፋል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ማንበቢያውን የሚመልስ ኮረንቲ የለም፤ ሞተሩ በቀረው ዙረት በሚያመነጨው ቅንጣት ኃይል ተወርውሮ ነው የሚገባው። አምራቾች በሥርዓት ለሚደረግ መውጣትና መግባት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዕድሜ ይሰጣሉ፤ ለዚህ ለድንገተኛው እጅግ ያነሰ። የኛ ባለሙያ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የዓመቱን ድርሻ ይጨርስለታል።

ዲስኩ ጢቅ ማለቱን ትቶ በቀጭን ድምፅ «ጲ… ጲ… ጲ» ካለ ደግሞ ሞተሩ ለመነሳት ታግሎ አቅቶታል፤ ወይ ኃይል አንሶታል፣ ወይ ማንበቢያው ሳህኑ ላይ ተጣብቋል። ጥሩ ገመድና ጥሩ ቀዳዳ ላይም ያንኑ ካለ ኃይሉን ቆርጦ መተው ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛው ሰውዬ፣ ያ ለምን እንደገባ የማያውቀው፣ የመጣበትን ምክንያት ያገኛል። «መታ መታ አርገው!» የብዙ ትንንሽ ዲስኮች ሳህን ከመስታወት የተሠራ መሆኑ ምክሩን የበለጠ ደፋር ያደርገዋል።

ሁለተኛው የእምነቱ አንቀጽ «ከገባ ልኩ ነው» ይላል። የዩኤስቢ 3.0 ዲስክ ቀዳዳ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ የአሮጌ ስልክ ቻርጀር ገመድ በሰፊው ክፍል ልክክ ብሎ ይገባል። ገባ፤ ምን ቀረ? ዲስኩ ወደ 2.0 ወረደ፣ ድርሻውም ከ900 ወደ 500 ሚሊአምፔር። ገመዱ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ከሆነ የዳታ ሽቦ ጭራሽ የለውም፤ መብራቱ ይበራል፣ ዲስኩ ይዞራል፣ ኮምፒውተሩ ምንም አያይም። «ኧረ ወንድሜ እየሠራ ነው፣ መብራቱን አታየውም?»

ይህ እምነት ሙሉ ክብሩን የሚያገኘው ግን በትልቁ፣ በባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ ላይ ነው። እሱ ከዩኤስቢ አይመገብም፤ የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር አለው፣ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 2 አምፔር። መብራት አጓርቶ ሲመለስ አዳፕተሩ ይቃጠልና መሳቢያው ይከፈታል። በመሳቢያው ውስጥ የሌለ አዳፕተር የለም፤ የራውተር፣ የሪሲቨር፣ የላፕቶፕ፣ ባለቤቱ የሞተ የምን እንደሆነም ያልታወቀ። የራውተሩ 12 ቮልት ቢሆንም አምፔሩ ከ1 የማያልፍ ከሆነ ሞተሩን አያስነሳም። ይህ እንኳ ቀላል ነው። የላፕቶፑ 19 ቮልት ነው። ጫፉ ገባ። ጢስ ወጣ። «ድሮም ተቃጥሎ ነበር» ተባለ።

ተቃጥሎ አልነበረም፤ አሁንም ላይሆን ይችላል። ብዙ ዲስኮች ቦርዳቸው ላይ ቲቪኤስ የሚባል ዳዮድ አላቸው፤ ሥራው ቮልት ሲበዛ ራሱን ሾርት አድርጎ የቀረውን ማዳን ነው። ማረጋገጫው አጭር ነው፦ ዲስኩ ከማንኛውም ኃይል ተለይቶ፣ መልቲሜትሩ ኦም ላይ ሆኖ፣ በ12 ቮልቱ መስመርና በመሬቱ መካከል ይለካል። ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሾርት የሆነው ዳዮዱ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ሲነሳ፣ ሌላ ነገር ካልተጎዳ፣ ዲስኩ በትክክለኛው አዳፕተር ይነሳል፤ መከላከያ የለውምና ዳታው ወዲያው ተገልብጦ ዲስኩ ጡረታ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ መነቀል የነበረበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ዳዮድ ነው፤ ማንም የማይነቅለውም እሱን ብቻ ነው። ይልቅ «ከሌላ ዲስክ ቦርድ ገልብጥለት» ይባላል። ያው ሞዴል ቢሆንም በዘመናዊ ዲስክ ቦርድ ብቻ ቢቀየር አይነሳም፤ የዚያ ዲስክ ብቻ የሆኑ ልኬቶች የተጻፉበት ባለ 8 እግር ሮም አብሮ ካልተዛወረ አዲሱ ቦርድ አሮጌውን ሳህን አያውቀውም።

አንዳንዴ ደግሞ የሞተው ዲስኩ ሳይሆን ከዩኤስቢ ወደ ሳታ (ዲስክ ዴስክቶፕ ውስጥ ወደሚሰካበት መስመር) የሚያስተረጉመው ትንሽ ቦርድ ብቻ ነው፤ ዲስኩን ከሽፋኑ አውጥቶ በሳታ ዴስክቶፕ ላይ ማየት ይቻላል። ሁሉም አይደለም ታዲያ። አንዳንዱ ያው ትንሽ ቦርድ ዳታውን ስለሚቆልፍ በሳታ ሲታይ ባዶ ይመስላል፣ አንዳንዱ ትንሽ ዲስክም የዩኤስቢ ቀዳዳው በራሱ ቦርድ ላይ የተበየደ ስለሆነ ሳታ የሚባል ነገር የለውም። ይህን ሳያውቅ «ባዶ ነው» ብሎ የሚያሰናብት ባለሙያ ቢያንስ ጊዜ ይቆጥባል።

ዩፒኤስ የገዙ የላቁ ቤቶችን ሳያነሱ ማለፍ ግፍ ነው። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ዩፒኤሱ ላይ ናቸው። የትልቁ ዲስክ አዳፕተር ግን ከዩፒኤሱ ጀርባ ካለው ቀዳዳ ጋር ስለማይገጥም ግድግዳ ላይ ካለው ዲቫይደር ተሰክቷል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በኩራት በርቶ ይቀራል፣ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ይወድቃል፣ ዊንዶውስም የዘገየው ጽሑፍ እንዳልተሳካ በትሕትና ያሳውቃል። ከዩፒኤስ ወደ ተራ ሶኬት የሚቀይር አንዲት ገመድ ይህን ታስቀር ነበር። ግን ለገመድ ማን ብር ያወጣል፣ ለዩፒኤስ ወጥቶ።

ዊንዶውስ «በዩኤስቢው ቀዳዳ ላይ ኃይል በዝቷል» ሲል ደግሞ ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሮ መብራትን ይወቅሳል። መልእክቱ ስለ ግድግዳው አይደለም፤ የተሰካው ዕቃ ከድርሻው በላይ ሳበ፣ ቀዳዳውም ራሱን ዘጋ ማለት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይዞ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቁት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኛ ጀግና ያንኑ ሾርት የሆነ ዲስክ ይዞ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ኪቦርዱን ነቅሎ ወደ አራተኛው ይዘልቃል። ሁሉም ቀዳዳ እኩል ይታይ፤ አድልዎ የለም።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ ብቅ ያለ ዲስክ የሚጠብቀው ትልቁ ፈተና አሁን ነው። ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርገው» ይላል። ታዛዥነት የኛ ነው፤ «እሺ በለው፣ በኋላ እንመልሰዋለን»። እምቢተኛ ሰው ግን መልእክቱን ዘግቶ ዲስክ ማኔጅመንትን ይከፍታል። መጠኑ በትክክል፣ 1 ቴራው 931 ጊጋ ሆኖ ታይቶ «ራው» ከተባለ፣ የተሰበረው ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያሳየው መዝገብ እንጂ ፋይሉ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። በተለይ ለቴሌቪዥንም እንዲሠራ ተብሎ በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ዲስክ እንደ ሌላኛው ፎርማት እንደ ኤንቲኤፍኤስ የሥራ መዝገብ ስለማይይዝ በድንገተኛ መብራት መጥፋት ለዚህ የተጋለጠ ነው። መጠኑ ዜሮ ከሆነ ወይም «ኢኒሻላይዝ አድርገው» ካለ ነገሩ ከዚያ የከፋ ነው፤ ያንንም እሺ አለማለት ነው።

ቀጥሎ የዲስኩን ጤንነት በሚያነበው ክሪስታልዲስክኢንፎ ፕሮግራም የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩ ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ፤ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። ሲ5 ከዜሮ ከበለጠ ሊነበቡ ያቃቱ ቦታዎች አሉ፤ ከዚህ በኋላ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፍበትም። እኩል ወይም የሚበልጥ ሌላ ዲስክ ተገዝቶ፣ ሊኑክስ ላይ በሚሠራው ዲዲሬስኪው በሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂው ይወሰዳል። ፕሮግራሙ ቀላሉን ቀድሞ ገልብጦ አስቸጋሪውን ለኋላ ያቆያል፤ የካርታ ፋይል ከተሰጠው መብራት ቢጠፋም ከቆመበት ይቀጥላል (ደሴን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል)። ቴስትዲስክም ሆነ ሌላው የማዳኛ ፕሮግራም የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው።

የኛ ሰው ይህን ቅንጦት አይወድም። ቼክዲስክን ከነማስተካከያው ያዘዋል። ቼክዲስክ የሚያስተካክለው መዝገቡን ነው፤ ያልገባውን ቆራርጦ «ፋውንድ 000» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይጥለዋል፣ ይህንንም የሚያደርገው በታመመው ዲስክ ላይ እየጻፈ ነው። ከዚያ የተገኘው ፋይል የት ይቀመጥ ሲባል ይበልጥ የሚደነቅ መልስ ይመጣል፦ «ቦታ ካለ እዚያው ላይ አርገው።» የሚድነው ፋይል በሚድነው ፋይል ላይ ይጻፋል።

ክዳኑን በቱርንቪስ የሚከፍቱትንና ፍሪዘር ውስጥ የሚያስቀምጡትን በአጭሩ እናመስግን። ማንበቢያው ከሳህኑ ያለው ርቀት ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም፤ ከፍሪዘር የወጣ ዲስክ ደግሞ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ፤ ዲስኩም ይወርዳልና። በሽታው የደጋ ብርድ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። «ደሴ ከፍታው በዝቶበት ነው፣ ኮምቦልቻ ይዘኸው ውረድ።» ብዙ አምራቾች ዲስካቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ፤ ደሴ 2,500 አካባቢ ናትና ከክሱ ነፃ ናት። ቢሆንም ዲስኩ በሚኒባስ ይጫናል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል፣ ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አንድ ቆላማ ኮምፒውተር ቤት ይገባል። እዚያ ማራዘሚያ የለም፤ አጭር ገመድ፣ የኋላ ቀዳዳ። ዲስኩ ሠራ! ምስጋናው ለፀሐይዋ ሆነ። ባለቤቱ ደስ ብሎት፣ ምንም ሳይገለብጥ፣ ዲስኩን ነቅሎ ወደ ደሴ ተመለሰ።

ሠርግ የሚቀርጹት ወንድሞቻችን ብቻ ናቸው በዚህ የማይጨነቁ። «ባክአፕ አለህ?» ሲባሉ ቅር ይላቸዋል። «እንዴታ! ዲ ላይ ያለው ሁሉ ኢ ላይም አለ።» ዲ እና ኢ አንድ ዲስክ ናቸው፣ ለሁለት የተከፈለ። ሁለተኛ ዲስክም የላቸውም ማለት አይደለም፤ አላቸው። የቱርክ ተከታታይ ድራማ ስለሞላበት ሠርጉ አይገባም።