ማስተካከያ፦ የድብርት መድኃኒቶችና እንቅልፍ

ስለ ድብርት መድኃኒቶች ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ «እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ማታ ይወሰዳሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንደሚከተለው ይስተካከላል። አሚትሪፕቲሊን፣ ሚርታዛፒንና ትራዞዶን በአብዛኛው ስለሚያስተኙ ማታ የሚታዘዙ ሲሆን፣ ፍሉኦክሰቲንና ቡፕሮፒዮን ግን የብዙ ሰዎችን እንቅልፍ ስለሚያውኩ ብዙውን ጊዜ ጠዋት እንዲወሰዱ ይመከራል። ሰርትራሊን እንደ ሰዉ ነው፤ አንዱን ያነቃል፣ ሌላውን ያስተኛል።

ሁለት መድኃኒት አብሮ ለሚወስድ ሰው ጉዳዩ ከሰዓት ምርጫ ያልፋል። ፍሉኦክሰቲን፣ ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚያስወግድበትን ሂደት ስለሚያዘገይ፣ የታዘዘው መጠን ሳይጨመር የአሚትሪፕቲሊን ክምችት በደም ውስጥ ከፍ ሊልና የበረታ የቀን እንቅልፍና ማዞር ሊያስከትል ይችላል፤ ፍሉኦክሰቲን ከተቋረጠ በኋላም ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ውጤቱ ወዲያው አይጠፋም። ይህ ነጥብ በመጀመሪያው ጽሑፍ ጨርሶ አለመነሳቱ ከሰዓቱ ጉዳይ ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ ከመቁነጥነጥ፣ ከመንቀጥቀጥ፣ ከላብና ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን በሰውነት ውስጥ የሴሮቶኒን (በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር) ከልክ ማለፍ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ የመውሰጃ ሰዓትንም ሆነ መጠንን መቀየር ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው፤ በተለይ ቬንላፋክሲን የተባለውን ሌላ የድብርት መድኃኒት በድንገት ማቆም ራሱ እንቅልፍ ማጣትንና ቅዠትን ሊያመጣ ይችላል።