የጥንቱ ወርቅ ዕዳ የአሳ አጥማጁ ሆነ እንዴ?

ባለፈው ጾም አንድ ጓደኛችን ከሳን ፍራንሲስኮ ቤይ (ባሕረ ሰላጤው) ያጠመደውን ስትራይፕድ ባስ የሚባል ትልቅ አሳ ይዞልን መጣ (ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው)። ባለቤቴ በሎሚ አሽታ አጥባ ልትጠብሰው ስትል እኔ ስልኬን አውጥቼ የካሊፎርኒያ ስቴት ማስጠንቀቂያን አነበብኩላት፣ ከ18 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችና ልጆች ከዚህ ቤይ የወጣ ስትራይፕድ ባስ፣ ስተርጅን የሚባለውን አሳና ሻርክ ጭራሽ እንዳይበሉ ይላል። ምክንያቱ ሜርኩሪ ነው፣ ያው ባዝቃ። ጓደኛችን «ኧረ ቆዳውን ገፈን ስቡን ካወጣንለት ምን ይሆናል» አለ፣ ግን ሜርኩሪ ስብ ላይ ሳይሆን ሥጋው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሎሚም እሳትም አያወጣውም።

እኔን ያናደደኝ ባዝቃው ከየት እንደመጣ ሳስብ ነው። በ1848 ወርቅ ተገኘ ከተባለ በኋላ በምሥራቅ ካሊፎርኒያ ያለውን የሴራ ኔቫዳን ኮረብታ በውሃ ግፊት እየናዱ ጠጠሩን ባዝቃ በተጨመረበት የእንጨት ቦይ ያሳልፉት ነበር፣ ባዝቃ ወርቁን ይዞ ያስቀራላ። ከዚያ ውስጥ በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ግምት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከጭቃው ጋር ሄዷል፣ የዚያ አካባቢ ወንዞች ደግሞ ወደ ቤዩ ነው የሚወርዱት። በ1884 ፍርድ ቤት ሥራውን ያስቆመውም ደለሉ እርሻና ወንዝ ስለደፈነ እንጂ ስለ ባዝቃው ማንም ግድ ብሎት አይደለም። በዚህ በኩል ደግሞ ባዝቃው ራሱ ይቆፈርበት የነበረው ኒው አልማደን አለ፣ እዚሁ ብዙ ሀበሻ ያለበት ሳን ሆሴ፣ የሱ ጭቃ በጓዳሉፔ ወንዝ መሀል ከተማውን አቋርጦ አልቪሶ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ጋ ቤዩ ውስጥ ይገባል።

ሰው የማይገባው ነገር ይሄ ሜርኩሪ እንደ ስኳር ውሃ ውስጥ ሟሙቶ አይደለም በብዛት የሚወርደው፣ ከደቃቅ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ነው፣ ስለዚህ ክረምት ላይ አንድ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ደፍርሶ በጥቂት ቀን ብዙ ወር ያላወረደውን ያወርዳል። ጨዋማው ውሃ ጋ ሲደርስ ጭቃው ተያይዞ ይዘቅጣል፣ ኦክስጅን በሌለው ረግረግ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ በቀላሉ የሚገባ ዓይነት ያደርጉታል፣ ከዛ ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት)፣ ትንሽ አሳ፣ ትልቅ አሳ እያለ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ማዕበሉም የዘቀጠውን እየበጠበጠ ቀስ በቀስ የቤዩ መውጫ በሆነው ጠባብ በር፣ በጎልደን ጌት ወደ ውቅያኖስ ያስወጣዋል።

እና መፍትሄው «አትብሉ» የሚል ታፔላ ወደብ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው? ታፔላውን የሚያነበው እኮ ሬስቶራንት መብላት የሚችለው አይደለም፣ ለእራቱ የሚያጠምደው ነው። ገንዘቡ ወደ ላይ፣ ወንዞቹ ወደሚመጡበት መውጣት አለበት፣ የተጣሉት የማዕድን ቦታዎች ላይ፣ የሚናደው የወንዝ ዳር ላይ፣ ዝናቡ ሳይቀድም። አልቪሶ ጋ የድሮ የጨው ኩሬዎችን ወደ ረግረግ ሲመልሱ አንዱን ኩሬ በሚዘጋና በሚከፈት በር ቀስ እያሉ ሜርኩሪውን እየለኩ መክፈታቸውን ግን ወድጄዋለሁ፣ እንደዛ ነው የሚሠራው።

አሳውን ለወንድ በልኩ ይፈቀዳል ስለሚል እኔና ጓደኛዬ በላነው። እሷና ልጆቹ ሽሮ በሉ፣ እስካሁንም አኩርፋኛለች።